ጽሑፉን ሁሉ አጣብቆ የሚያወጣ ኤክስኤስኤልቲ

ጠያቂያችን የአተም ፊዳቸውን (የድረ ገጽ አዳዲስ ጽሑፎችን የሚዘረዝር የኤክስኤምኤል ፋይል) በብራውዘር ውስጥ በኤክስኤስኤልቲ፣ ማለትም ኤክስኤምኤልን ወደ ሌላ መልክ በሚለውጥ ቋንቋ፣ ወደ ሠንጠረዥ ለመለወጥ ቢሞክሩም ገጹ ርዕሶችን፣ ቀናትንና መለያዎችን በአንድ አንቀጽ አጣብቆ ያወጣል፤ የሊንኮቹ አድራሻ ደግሞ የትም አይታይም። ስታይልሺቱ፣ ማለትም የመለወጫው ደንቦች የተጻፉበት ፋይል፣ አርኤስኤስ ለተባለው ሌላ የፊድ ፎርማት ከተሠራ ፋይል ተቀድቶ የኤለመንት (የታግ) ስሞቹ ብቻ የተቀየሩ ነው። አንድ ባልደረባቸው አንዳንዶቹን ስሞች «ሎካል-ኔም» በተባለው ፈንክሽን ቢተኩላቸው ርዕሶች ሁለት ሁለት ጊዜ መታየት ጀመሩ። ፋይሉ በቀጥታ ከዲስክ እንዲከፈትም ብራውዘሩን የደኅንነት ፍተሻውን አጥፍተው እንዲያስነሡት መክረዋቸዋል።

ከሁሉ አስቀድመው ያንን ብራውዘር ይዝጉት። ፍተሻው በጠፋበት ብራውዘር ኢሜይልዎን ወይም የባንክ ገጽዎን ቢከፍቱ፣ በሌላ ታብ ያለ ማንኛውም ገጽ መረጃዎን ሊያነብ ይችላል። ፋይሎቹን በራስዎ ኮምፒውተር ላይ በሚሠራ ትንሽ ሰርቨር በኩል ይክፈቷቸው፤ ፓይተን ካለዎት በአንድ ትእዛዝ ይነሣል።

ወደ ችግሩ ስንመለስ፣ ጥርጣሬዬን ወደ ኔምስፔስ (አንድ ኤለመንት የየትኛው ፎርማት እንደሆነ ወደሚለየው አድራሻ) የመራው የሊንኮቹ መጥፋት ነው። ኤክስኤስኤልቲ ለአንድ ኤለመንት የሚስማማ ቴምፕሌት (ለኤለመንቱ ምን እንደሚወጣ የሚያዝዝ ደንብ) ሲያጣ ስሕተት አለ ብሎ አይቆምም፤ አብረውት የተሠሩ፣ እኛ ያልጻፍናቸው ደንቦች አሉትና በእነርሱ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ደንብ ኤለመንቱን አልፎ ወደ ልጆቹ እንዲወርድ ያዝዛል፤ ሁለተኛው ደግሞ ጽሑፍ ባገኘ ቁጥር እንዳለ ወደ ውጤቱ እንዲገለብጠው ያዝዛል። ስለዚህ ከቴምፕሌቶችዎ አንዱም ካልገጠመ ሞተሩ ከሥሩ ጀምሮ እስከ ቅጠሉ እየወረደ፣ ያገኘውን ጽሑፍ ሁሉ ያለ ምንም ታግ ያፈስሰዋል። ወደ አትሪቢዩት (በታጉ ውስጥ ወደሚጻፍ ተጨማሪ መረጃ) ግን በራሱ አይገባም፤ በአተም የሊንኩ አድራሻ የሚቀመጠው «ኤችሬፍ» በተባለው አትሪቢዩት ውስጥ ስለሆነ ርዕሱና ቀኑ ወጥተው አድራሻው ይቀራል። ገጹ ጨርሶ ባዶ ቢሆን ኖሮ ስታይልሺቱ አልተጫነም ብዬ እጠረጥር ነበር፤ የእርስዎ ግን ተጭኗል፣ ሠርቷልም፤ የሚገጥመው ኤለመንት ነው ያጣው።

ያጣበት ምክንያት፣ ብራውዘሮች የሚያውቁት በ1999 የወጣውን የኤክስኤስኤልቲ ስሪት 1.0 ብቻ መሆኑ ነው። በዚያ ስሪት ቅጥያ (ከስሙ ፊት የሚገባ አጭር ምልክት) የሌለው ስም ምንጊዜም «ኔምስፔስ የሌለው ኤለመንት» ማለት ነው። አርኤስኤስ 2.0 ለራሱ ኤለመንቶች ኔምስፔስ ስለሌለው የተቀዳው ስታይልሺት በዚያ ሠርቷል፤ አተም ግን ስላለው አልገጠመም። የፊዱን ምንጭ ከፍተው የሥሩን ኤለመንት ቢያዩ የኔምስፔሱን አድራሻ ያገኙታል። ያንኑ አድራሻ በስታይልሺቱ ሥር ኤለመንት ላይ ለአንድ አጭር ቅጥያ፣ ለምሳሌ ለ«ኤ»፣ ይስጡና ማች፣ ሰሌክትና ቴስት በተባሉት የስታይልሺቱ አትሪቢዩቶች ሁሉ ውስጥ «ኢንትሪ» (በፊዱ ያለ አንድ ጽሑፍ) የነበረውን «ኤ፡ኢንትሪ» ያድርጉት፤ በቅንፍ ውስጥ ባሉ ቅድመ ሁኔታዎች የተሸሸጉትን ስሞችም አይርሱ። «ኤችሬፍ»ን ግን አይንኩት፤ ቅጥያ የሌለው አትሪቢዩት ኔምስፔስ የለውም። አድራሻውን በእጅዎ አይጻፉት፤ ገልብጠው ይለጥፉት። የሚነጻጸረው ፊደል በፊደል ነው፤ ኤችቲቲፒ የሚለውን «ለደኅንነት» ብሎ ወደ ኤችቲቲፒኤስ መቀየር ብቻ ሁሉንም ያበላሸዋል።

የባልደረባዎን ጥገና አንድም ሳያስቀሩ ያውጡት። ሎካል-ኔም ኔምስፔሱን ችላ ስለሚል የአተሙን ርዕስና በዚያው ኢንትሪ ውስጥ ያለውን፣ የሌላ ኔምስፔስ የሆነውን የሚዲያ ርዕስ አንድ አድርጎ ይቆጥራቸዋል፤ ርዕሱ ሁለቴ የሚወጣውም በዚህ ይመስለኛል። ከዚህም በላይ ቅድመ ሁኔታ ያለው ማች በቀላል ስም ከተጻፈው የበለጠ ቅድሚያ ስለሚያገኝ፣ ግማሹን ለውጦ ግማሹን መተው የትኛው ቴምፕሌት እንደሚሠራ ያደናግራል። ለሌላ ፎርማት የተጻፈን ስታይልሺት እያነሡ የሚለጥፉ ሰዎች ይህን ዓይነቱን መጠጋገን ያዘወትሩታል፤ በላኩት ፋይል ውስጥ ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ብቻ የሚያገለግል የአክቲቭኤክስ ኮድ ሳይቀር አይቻለሁ፤ እርሱንም ይሰርዙት።

ከዚያ በኋላ ገጹን በክሮምና በፋየርፎክስ ይፈትሹት፤ አሁንም በሰርቨሩ በኩል እንጂ ፍተሻው በጠፋ ብራውዘር አይሁን። ፋየርፎክስ ታጎችን እንደ ታግ ለማውጣት የሚያገለግለውን «ዲስኤብል-አውትፑት-ኢስኬፒንግ» የተባለውን ቅንብር ስለማይቀበል፣ በኢንትሪው ይዘት ውስጥ ታጎቹ እንደ ጽሑፍ ቢታዩ አይደንግጡ፤ ኔምስፔሱን በሠሩበት እጅ ያንን ለማስተካከል አይሞክሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። የክሮም አዘጋጆች በ2025 ኤክስኤስኤልቲን ከብራውዘሩ ሊያስወጡ ማቀዳቸውን አስታውቀዋል፤ ምክንያታቸውም ከኋላው ያለው የሊብኤክስኤስኤልቲ ኮድ ያረጀና ለደኅንነት ክፍተት የተጋለጠ መሆኑ ነው። ስለዚህ ስታይልሺቱ በትክክል ሲሠራ ፊዱን የመለወጡን ሥራ ወደ ሰርቨር ያዛውሩት። ኤክስኤስኤልቲፕሮክ የተባለው የትእዛዝ መሣሪያ የቆመው በዚያው ሊብኤክስኤስኤልቲ ላይ ስለሆነ፣ በክሮም የሠራ ስታይልሺት በእርሱም ያለ ብዙ ለውጥ ይሠራል፤ ለአንባቢ የሚደርሰውም የተዘጋጀ ኤችቲኤምኤል ይሆናል።