ስሜ ተቀይሯል፤ ክርስቶስን ካድኩ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ አረብ አገር የቤት ሠራተኛ ነኝ። ደላላው «በክርስቲያን ስም ቪዛ አይወጣም» ብሎ ወረቀቴን በሙስሊም ስም አስወጣው። ማዕተቤን ሻንጣ ውስጥ ደብቄዋለሁ። ማዳም ስትሰግድ አንዳንዴ አብሬያት እሰግዳለሁ። ያስገደደኝ የለም፤ እንዳትጠረጥረኝ ብዬ ነው። ክርስቶስን ካድኩ ማለት ነው? እንቅልፍ አጣሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ቆልለሽ ነው የተጨነቅሽው። ማዕተብን ፈርቶ መደበቅ ክህደት አይደለም። ጥምቀትሽን ሻንጣ ውስጥ አልከተትሽውም።

የስሙ ነገር ይከብዳል። ታኅሣሥ 19 ቀን የምናስባቸውን ሠለስቱ ደቂቅን አስታውሺ። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ባቢሎን ሲገቡ የቤተ መንግሥቱ አለቃ ሲድራቅ፣ አብደናጎና ሚሳቅ አላቸው። በዚያው ስም እየተጠሩ ንጉሡን አገለገሉ። «ለምስሉ ስገዱ» ሲባሉ ግን እሳቱን መረጡ። ልዩነታችሁ ግን አለ፤ እነሱ ተማርከው ነው፣ አንቺ ፈርመሽ ነው። ስለዚህ ውሸቱ ንስሐ ይፈልጋል። ደላላውም ድርሻ አለው፤ በየወሩ የሚላክለትን ብር ተቀብሎ «እንዴት ገባሽ?» ብሎ የማይጠይቅ ቤተሰብም እንደዚሁ።

ስግደቱን ግን ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። የማዳምሽን ሶላት ከጣዖት ጋር አላወዳደርኩም፤ እሷ አምናበት ነው የምትሰግደው። አንቺ የማታምኚበትን ስታስመስዪ ራስሽንም እሷንም ታታልያለሽ። አዋጅ ማስነገር አይጠበቅብሽም። ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ማድ ቤትሽ ግቢ፤ ዕቃ እያጠብሽ «አባታችን ሆይ» በዪ። የነቢዩ ሳሙኤል እናት ሐናም በመቅደስ ስትጸልይ ከንፈሯ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው፤ እግዚአብሔር ሰምቷታል።

ማዳም ፊት ለፊት «ክርስቲያን ነሽ እንዴ?» ብላ ከጠየቀችሽ «አዎ» በዪ። ልታባርርሽ ትችላለች፤ ምንም አይደርስብሽም ብዬ አልዋሽሽም። ዱላ ወይም የከፋ ነገር ከመጣ ሽሺ፤ በአንዱ ከተማ ሲያሳድዷችሁ ወደ ሌላው ሽሹ ያለው ጌታ ራሱ ነው።

ጾሙን በተመለከተ፣ ከቀረበልሽ የጾም የሚሆነውን ለይተሽ ብዪ። ሌላ ከሌለ በረሃብ አትውደቂ፤ ለንስሐ አባትሽ ደውለሽ ንገሪያቸው፣ የስሙንም ጉዳይ ጨምረሽ።

ውልሽ ሲያልቅ በዚያ ስም ድጋሚ እንዳትፈርሚ። በዱባይም በኩዌትም ክርስቲያንነታቸውን ተናግረው የሚሠሩ እህቶች አሉ። ከመፈረምሽ በፊት እነሱን ጠይቂ።