ከነጥቡ በፊት ያለችውን ኳስ ማን ላካት?

ጥያቄ፦ ደብሊን ነው የምኖረው፤ ጌሊክ ፉትቦል (በእጅም በእግርም የሚጫወቱት የአየርላንድ ባህላዊ ኳስ) እከታተላለሁ። ስለ ምርጥ አጥቂ በተከራከርን ቁጥር ጓደኞቼ የሚደምሩት ያስቆጠረውን ብቻ ነው። ጨዋታ በማቀጣጠል ከተመዘነስ ከካናቫን፣ ከኮልም ኩፐር፣ ከትሬቨር ጃይልስና አሁን ካሉት ማን ይበልጣል? ሜዳ ላይስ በምን እለየዋለሁ?

መልስ፦ መጀመሪያ ፒተር ካናቫንን ከዝርዝሩ ያውጡት። ታላቅነቱ አያከራክርም፤ ሥራው ግን ማስቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995ቱ የመላ አየርላንድ የአውራጃዎች ፍጻሜ ቡድኑ ታይሮን ካገኘቻቸው 12 ነጥቦች 11ዱ የእሱ ነበሩ፤ ዋንጫውን የወሰደችው ግን 1-10 ለ 0-12 ያሸነፈችው ደብሊን ናት (የመጀመሪያው ቁጥር ጎል፣ ሁለተኛው ነጥብ ነው፤ ጎል 3 ነጥብ ስለሆነ 1-10 ማለት 13 ነው)። በ2005 ፍጻሜ ኬሪ ላይ ያገባትን ዝነኛ ጎል ያመቻቸለትም ኦወን ሙሊገን ነው። በ1997 ፍጻሜ ከኬሪ 13 ነጥቦች 9ኙን ያስቆጠረው ሞሪስ ፊትዝጄራልድም በዚሁ ምክንያት ይቀራል።

የአቀጣጣዩ ባህላዊ ቦታ 11 ቁጥር ነው፤ ከሦስቱ የፊት አጥቂዎች ኋላ፣ መሃል ላይ። ሕጉ ፋታ አይሰጠውም። ኳስ በእጁ ይዞ ከአራት እርምጃ በላይ መሄድ አይችልም፤ ወይ ያነጥራታል፣ ወይ በእግሩ ጫፍ መትቶ ወደ እጁ ይመልሳታል፤ በተከታታይ ሁለቴ ማንጠር ደግሞ ክልክል ነው። ለሚቀጥለው ነጠራ ዓይኑን ወደ መሬት ያወረደ ሰው ፊት ለፊት የሚሮጠውን ጓደኛውን አያየውም። ጎበዙ ኳሷ እጁ ሳትገባ ነው የወሰነው።

ጥሩ ኳስ ዝቅ ብላ ትበራለች፤ ከተቀባዩ ሁለት ሦስት ሜትር ቀድማ፣ ተከላካዩ በሌለበት ጎን አንዴ ነጥራ ደረቱ ላይ ታርፋለች። ከፍ ካለች ተከላካዩ ደርሶ በቡጢ ይመታታል። ልክ ተቀባዩ ላይ ከተላከች ደግሞ ቆሞ ይጠብቃታል፤ ጀርባው ለግቡ ስለሆነ ሲዞር ሁለት ሰው ከቦታል። ዝናብ ካለ ነጠራዋ እየተንሸራተተ ያመልጣል፤ ያኔ ሳትነጥር በቀጥታ እጅ ላይ ማድረስ ያስፈልጋል። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው።

የኬሪው ኩፐር ይህችን ኳስ እንደ እሱ የላካት የለም ያሰኘው በ2013 ነው። አብዛኛውን ዘመኑን ጎል አጠገብ፣ በማዕዘን አጥቂነት ተጫውቶ በዚያ ዓመት ወደ 11 ቁጥር ተዛወረ። ከደብሊን ጋር በተደረገው ግማሽ ፍጻሜ በመጀመሪያው አጋማሽ የደብሊንን ተከላካይ መስመር በእግሩ በሚልካቸው ኳሶች እየሰነጠቀ ኬሪ ሦስት ጎል አገባች። በመጨረሻ ደብሊን 3-18 ለ 3-11 አሸነፈች፤ የዚያ ቀን ኩፐር ግን ዛሬም ይወራል። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ለክለቡ ሲጫወት የጉልበት ጅማቱ ተበጠሰና ነገሩ እዚያው ተቋረጠ።

የሚዙ ጃይልስ ግን ቦታው ከመነሻውም 11 ቁጥር ነበር። በ1996ና በ1999 ሚዝ ዋንጫ ስታነሳ የዓመቱ ተጫዋች ተብሏል፤ በመካከሉ ከባድ የጉልበት ጉዳት ደርሶበት ተመልሷል። በ1999ኙ ፍጻሜ ፍጹም ቅጣት ምት አምክኗል፤ ሚዝ ግን ተጋጣሚዋን ኮርክን አሸንፋለች። ይህ ራሱ አንድ ነገር ይናገራል፦ የእሱ ዋጋ በሚያስቆጥረው ብቻ አልነበረም። በአንድ ጨዋታ ከፍታ ኩፐርን የሚያህል የለም። ለዓመታት አንድን ቡድን በማንቀሳቀስ ግን እኛ የምናስቀድመው ጃይልስን ነው፤ የኬሪ ሰዎች እንደማይስማሙ እናውቃለን።

አሁን ካሉት የኬሪው ፖዲ ክሊፎርድ ይጠቀሳል፤ ነጥቡን የሚያዘንበው ታናሽ ወንድሙ ዴቪድ ነው። ፖዲ ወደ ኋላ ወርዶ ኳስ ይቀበላል፤ በእጅ መትቶ ያቀብልና ዞሮ እንደገና ይቀበላል። ከቀድሞዎቹ ጋር ሲያወዳድሩት የ2025ቱን ሕግ አይርሱ። እያንዳንዱ ቡድን ሁልጊዜ ሦስት ሰው በተጋጣሚው አጋማሽ መተው ስላለበት ሁሉም ወርዶ ግብ አጠገብ መከማቸት ቀርቷል። ግቡ ፊት ከተሰመረው የ40 ሜትር ቅስት ውጪ ተመትታ ከአግዳሚው በላይ ያለፈች ኳስም 2 ነጥብ ስለምታስገኝ ተከላካዮች ወደ ውጪ ይወጣሉ፤ ከጀርባቸው የሚተዉት ክፍት ቦታ ደግሞ ለአቀጣጣዩ ሲሳይ ነው።

አቀጣጣዩን ለመለየት ጨዋታ እያዩ ሲመዘግቡ ከነጥቡ በፊት ያሉትን ሁለት ቅብብሎች ይጻፉ። የመጨረሻዋን ብቻ ከያዙ በሁለት ሜትር ርቀት በእጁ የሰጠው ይመሰገንና 40 ሜትር የላካት ይረሳል። በእሱ ኳስ ጥፋት ተፈጽሞ የተገኘ ቅጣት ምት ነጥብ ከሆነ ይቁጠሩለት፤ ያስነጠቃትን ይቀንሱበት። ቴሌቪዥን ኳሷን ስለሚከተል የአጥቂዎቹን ሩጫ አያሳይም። ትልቁ የደብሊን ስታዲየም ክሮክ ፓርክ ከገቡ በጎን በኩል ከፍ ያለውን መቀመጫ ይያዙ፤ ከግቡ ጀርባ ሂል 16 ላይ ከቆሙ ኳሷ ከተቀባዩ ስንት ሜትር ቀድማ እንዳረፈች አይለይም።