ፖለቲካው ቀድሞ የመጣባቸው የፊዚክስ ሊቅ

ጥያቄ፦ ቻይናዊው የፊዚክስ ሊቅ ፋንግ ሊዢ በአገራቸው የዴሞክራሲ ተሟጋች እንደ ነበሩ አንብቤአለሁ። ዕድሜያቸውን ለሕዋ ጥናት የሰጡ ሰው ምን ገፋፍቷቸው ፖለቲካ ውስጥ ገቡ? ሙያቸውስ ከዚህ ጋር ግንኙነት ነበረው?

መልስ፦ አዎን፣ ነበረው። እንዲያውም ፕሮፌሰር ፋንግ ወደ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት ፖለቲካው ወደ ቀመሮቻቸው ገብቶ ነበር ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1936 ቤጂንግ የተወለዱት እኚህ ሰው፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ «ቀኝ ዘመም» በተባሉት ላይ በተከፈተው ዘመቻ ከኮሚኒስት ፓርቲው ተባረሩ። በባህል አብዮቱ ወቅት ደግሞ ለጉልበት ሥራ ወደ ገጠር ሲላኩ በእጃቸው የቀረው አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ ብቻ ሲሆን፣ እሱን ደጋግመው ማንበባቸው ወደ አጠቃላይ አንጻራዊነት (የአንስታይን የስበት ንድፈ ሐሳብ) እና ወደ ሕዋ አመጣጥ ጥናት መራቸው።

ለጥያቄዎ ዋናው መልስ ያለው ከዚህ ቀጥሎ በመጣው ነገር ላይ ይመስለኛል። በ1972 ከባልደረቦቻቸው ጋር ሕዋ መነሻ አለው ከሚለው ከታላቁ ፍንዳታ ንድፈ ሐሳብ ጋር የተያያዘ ጽሑፍ ሲያሳትሙ የርዕዮተ ዓለም ሰዎች ተነሡባቸው፤ ክርክሩም የማርክስ የትግል ባልደረባ ኤንግልስ ሕዋ በጊዜም በቦታም ወሰን የለውም ብሎ ስላስተማረ፣ መነሻ አለው የሚል ሁሉ የማርክሲዝም ተቃዋሚ ነው የሚል ነበር። ስሌቱ የቱ ጋ እንደ ተሳሳተ ግን ያሳየ አልነበረም። ሳይንስ ከጥርጣሬ ይጀምራል ብለው ለሚያምኑ ሰው፣ በልኬት ሊዳኝ የሚገባው ጉዳይ በባለሥልጣን ቃል ሲዘጋ ማየት ቀላል አልነበረም።

በ1984 በሄፌይ የሚገኘው የቻይና የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ምክትል ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ፣ መብት ከሰው ጋር አብሮ የሚወለድ እንጂ ከላይ የሚቸር ስጦታ አለመሆኑን ለተማሪዎች በግልጽ ይናገሩ ጀመር። በ1986 መጨረሻ በዚያው በሄፌይ የተጀመረው የተማሪዎች ሰልፍ ወደ ሌሎች ከተሞች ሲዛመት ከሥልጣናቸው ተነሡ፤ ዳግመኛ የገቡበት ፓርቲም በጥር 1987 ለሁለተኛ ጊዜ አባረራቸው። በጥር 1989 ለቻይናው መሪ ለዴንግ ሺያኦፒንግ በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ የዴሞክራሲ ተሟጋቹን ዌይ ጂንግሼንግን ጨምሮ የፖለቲካ እስረኞች እንዲፈቱ ጠየቁ።

በዚያው ዓመት ሰኔ በቤጂንግ ቲያናንመን አደባባይ ተቃውሞ ላይ ከተፈጸመው ግድያ በኋላ፣ እንደ እሳቸው የፊዚክስ ባለሙያ ከሆኑት ባለቤታቸው ከሊ ሹሺያን ጋር በአሜሪካ ኤምባሲ ተጠግተው ከአንድ ዓመት በላይ ቆዩ። በ1990 ከአገር እንዲወጡ ተፈቀደላቸው፤ በኋላም በ2012 እስኪሞቱ ድረስ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነው ኖሩ።