ጠይቁን፦ የሳንቲም ማተሚያ ቤት ስህተት ወይስ የሞርሳ ሥራ?

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ የ1969 ባለኒያላ 10 ሳንቲም አለኝ። ኒያላው ባለበት ፊት ላይ «ኢትዮጵያ» የሚለው ጽሑፍ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ ወደ ውስጥ ሰምጧል። «የፋብሪካ ስህተት ነው፣ ብዙ ያወጣል» ተባልኩ። እውነት ነው?

መልስ፦ ኒያላው በዚያው ቦታ አሁንም የሚታይ ከሆነ የተጎዳ ሳንቲም ነው። እንዲህ ያለ እውነተኛ ስህተት የሚፈጠረው ቀድሞ የታተመ ሳንቲም ከማተሚያው ሳይወጣ ቀርቶ አዲሱ ጥፍጥፍ (ገና ያልታተመው ክብ ብረት) ከእሱ ጋር ሲመታ ነው። ተጣብቆ የቀረው ሳንቲም ኒያላውን የሚቀርጸውን ብረት ስለሚሸፍነው በሸፈነው ቦታ የሚገኘው የሌላው ፊት አንበሳ ከነጽሑፉ ተገልብጦ ብቻ ነው፤ የኒያላው ቀንድ ጫፍ እንኳ ቦታ አያገኝም። ሁለቱ ምስሎች ተደራርበው ከታዩ ግን አንድ ሰው ሁለት ሳንቲም ፊትና ጀርባ አጋጥሞ በሞርሳ (ብረት አጥብቆ በሚይዝ መሣሪያ) ጨምቋል፣ ወይም በመዶሻ መትቷል።

በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ይዩት። የሞርሳ ሥራ ከሆነ የተገለበጡት ፊደላት ጥልቀት የላቸውም፣ የኒያላው ከፍ ያሉ ቦታዎች ተዳምጠው ያብረቀርቃሉ፣ የሳንቲሙ ከንፈርም (ዙሪያውን ከፍ ያለው ጠርዝ) ዝርግ ይሆናል። አንዳንዴ በሌላው ፊት ላይ የሞርሳው ጥርስ ራሱ አሻራውን ትቶ ይገኛል።

በፊቱ ላይ መስመር ያዩ እንደሆነ ደግሞ ከፍ ያለ ነው ወይስ የሰመጠ? የማተሚያው ብረት ሲሰነጠቅ የሳንቲሙ ብረት በግፊት ወደ ስንጥቁ ስለሚገባ ውጤቱ ከፍ ያለ ቀጭን መስመር ነው። ጭረት ግን ይሰምጣል፤ የተገፋው ብረትም በዳርና ዳር ይከመራል። ዓይን በጥላ ይታለላል፤ ስለዚህ ሳንቲሙን ከመብራቱ ሥር ያዙሩት፣ ወይም የስቴኪኒ ጫፍ ቀስ አድርገው መስመሩን ያሻግሩበት። ጠርዙ በግማሽ ክብ የተበላ ሳንቲም ካጋጠመዎት ትክክል በተቃራኒው ያለውን ከንፈር ይመልከቱ። ከመታተሙ በፊት የተቆረጠ ከሆነ እዚያ ከንፈሩ ብዙውን ጊዜ ደክሞ ይታያል። በመቀስ የቆረጠ ሰው ይህን አያስብም።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ ከአያቴ የወረስኩት የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር አናቱ ላይ ጥቁር እብጠት አለው። 1780 ይላል። እውነተኛ ብር መሆኑን በምን ልወቅ? በሎሚ ልጠበው?

መልስ፦ እብጠቱ የአንጥረኛ ብየዳ ሳይሆን አይቀርም። ጠገራ በአንገት ሲንጠለጠል ጆሮ ይበየድለት ነበር። ጠርዙን ያዙሩ፤ ዙሪያውን የላቲን ጽሑፍና ጌጥ አለ፣ ትርጉሙም «በፍትሕና በምሕረት» ነው። ከእብጠቱ አጠገብ ያሉት ፊደላት ቀልጠው ወይም ተሞርደው ካገኙ ነገሩ ተረጋገጠ። ዋጋውን ይቀንሳል፤ እርስዎ ሊሞርዱት ከሞከሩ ደግሞ ይብሳል።

ዓመቱን ይርሱት። ምስላቸው ያለበት የኦስትሪያዋ ገዢ ማርያ ትሬዛ ከሞቱ በኋላ የታተመው ሁሉ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሮም፣ ለንደንና ቦምቤይ የተሠራው ጭምር፣ 1780 ይላል።

ብሩን ለመፈተን 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን ያስፈልጋል። ያልተበላ ጠገራ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 833 ከሺህ ንጹሕ ብር ነው። ውሃ ያለበት ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አድርገው ዜሮ ያድርጉት። ጠገራውን በቀጭን ክር አስረው ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያጥልቁት፤ ታችም ጎንም እንዳይነካ። ሚዛኑ ወደ 2.75 ግራም ካሳየ ልክ ነው። ተመሳሳይ ክብደት ያለው የኒኬልና የመዳብ ቅይጥ 3.15 አካባቢ ያሳያል። በገጹ ላይ የተጣበቀ የአየር አረፋ ቁጥሩን ስለሚያዛባ ነቅነቅ አድርገው ያራግፉት። ጠገራው በመታሸት ያለቀ ከሆነ ደረቅ ክብደቱን በውሃው ንባብ ያካፍሉ፤ 10.2 አካባቢ መምጣት አለበት። ብየዳው ትንሽ ሊያዛንፈው ይችላል።

ሎሚውን ለሰላጣ ያቆዩት። አሲድ የላይኛውን ገጽ ይበላል፣ አመድና የጥርስ ሳሙና ደግሞ ፀጉር የመሰለ ጭረት ይተዋሉ፤ ሰብሳቢ ይህን ከሩቁ ያውቀዋል። አፈር ካለበት ለብ ያለ ውሃ ከጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጋር በቂ ነው። ሳያሹ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅ ጠቅ እያደረጉ ያድርቁት።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ የ1936 የመዳብ 25 ሳንቲም ጠርዙ እንደ አበባ ተቆራርጧል። ጉዳት ነው?

መልስ፦ አይደለም። መጀመሪያ ክብ ነበር፤ መጠኑ ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር ስለተቀራረበ ሰዎች ብር እየቀቡ በ50 ያሳልፉት ጀመር። በኋላ ጠርዙ በዚህ ቅርጽ ተለወጠ። እርግጠኛ ለመሆን ቅጠሎቹ እኩል መሆናቸውንና በመካከላቸው የሞረድ ጭረት አለመኖሩን ይዩ።