የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከግራፊክስ ካርዱ በፊት ፓወር ሰፕላዩን ይመልከቱ

ጥያቄ

ለዝግጅት ክፍሉ፤ ከሦስት ዓመት በፊት የገዛሁት ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ኮምፒውተር አለኝ። ለቢሮ የሚሠራው፣ ቆሞ የሚቀመጠው ትልቁ ዓይነት ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-8500፣ ራሙ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት፣ ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ባለ 4 ጊጋባይት ነው። ሞኒተሬ 1920 በ1080፣ 60 ኸርዝ ነው። ጂቲኤ 5ን ያለ ችግር እጫወታለሁ፤ ሳይበርፐንክ 2077 ግን እየተቆራረጠ አላስጫውት ብሎኛል። በተጨማሪም ብሌንደር የተባለውን የ3ዲ ምስል መሥሪያ ፕሮግራም መማር ጀምሬአለሁ። አንድ ነጋዴ ያገለገለ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋባይት በቅናሽ ሊሸጥልኝ ተስማምቷል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ለፋሲካ ከቨርጂኒያ ሲመጣ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ወይም አርቲኤክስ 4060 ባለ 8 ጊጋባይት ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል። ፓወር ሰፕላዩ ላይ 260 ዋት የሚል ተጽፏል። የቱን ልምረጥ?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፤ በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ያሰፈሩት የ260 ዋት ቁጥር፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ የሚችለው መጠን፣ ለጥያቄዎ ዋነኛው መልስ ነው። ስለ ግራፊክስ ካርድ የሚጽፉልን አብዛኞቹ አንባቢዎች ይህን ቁጥር ስለማይጠቅሱ፣ እርስዎ ኮምፒውተሩን ከፍተው ማየትዎ ሥራችንን አቅልሎልናል። መልሱ ምናልባት ደስ አያሰኝዎትም፤ ከጠቀሷቸው ሦስት ካርዶች ውስጥ ኮምፒውተርዎ አሁን ባለበት ሁኔታ ሊሸከመው የሚችል አንድም የለም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ግራፊክስ ካርድ ኃይል የሚያገኘው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርዱ ማስገቢያ ሲሆን ከዚያ የሚገኘው ቢበዛ 75 ዋት ነው። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ቀሪውን ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ በሚመጣ ገመድ ይቀበላል፤ ባለ 6 ፒኑ ገመድ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒኑ ደግሞ 150 ዋት እንዲሰጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። አሁን ያለዎት 1050 ቲአይ 75 ዋት ብቻ ስለሚወስድ ከማስገቢያው በሚያገኘው ይበቃዋል፤ እስከ ዛሬ ይህ ችግር ያልገጠመዎትም ለዚህ ነው። አርኤክስ 580 ግን 185 ዋት፣ አርቲኤክስ 3060 ደግሞ 170 ዋት ይወስዳል። አርቲኤክስ 4060 በ115 ዋት ቆጣቢ ቢሆንም ከ75 ማለፉ ስለማይቀር እሱም ገመድ ይፈልጋል። ለቢሮ በተሠሩ ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ ላይ እነዚህ ገመዶች አብዛኛውን ጊዜ የሉም። የኮምፒውተሩን ጎን ከፍተው፣ ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጡትን ገመዶች አንድ በአንድ ተከትለው ቢያዩ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያረጋግጡታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንለምንዎታለን። ለሃርድ ዲስክ የተሠራውን የሳታ ገመድ ወደ 8 ፒን የሚቀይር ማገናኛ በየሱቁ በርካሽ ይገኛል፤ «ይሄ ይበቃል» የሚልዎት ሰውም አይጠፋም። የሳታ ማገናኛ በ12 ቮልት እንዲሸከም የተፈቀደለት 4.5 አምፒር፣ ማለትም 54 ዋት ነው። እስከ 150 ዋት ሊስብ የሚችል ካርድ በእርሱ ላይ ሲሰካ ገመዱ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል፣ ከዚያም ሊቀጣጠል ይችላል። ኮምፒውተሩ ያለው ቤተሰብ በሚተኛበት ቤት ውስጥ ስለሆነ ይህን መንገድ በምንም ምክንያት እንዳይሞክሩት።

ፓወር ሰፕላዩን መቀየርስ አይቻልም ወይ ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ይቻላል፤ ነገር ግን የእርስዎ ኮምፒውተር ማዘርቦርድ ኃይል የሚቀበልበት መሰኪያ በገበያ ላይ ከተለመደው ባለ 24 ፒን የተለየ ስለሆነ፣ ከአዲሱ ፓወር ሰፕላይ ጋር ለዚያው ሞዴል የተሠራ መቀየሪያ ገመድ መግዛት ያስፈልጋል። አዲሱ ፓወር ሰፕላይ በኬዙ ውስጥ በልኩ መግባቱን፣ የካርዱም ርዝመት ከሃርድ ዲስኩ ማቀፊያ ጋር አለመጋጨቱን በሜትር መለካት ይኖርብዎታል። ይህ ሁሉ ወጪ ተደምሮ ሲታይ፣ በተለይ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በጨመረው የዕቃ ዋጋ፣ ከካርዱ ዋጋ ጋር የሚወዳደር ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የእኛ ምክር የአክስትዎ ልጅ ሌላ ካርድ እንዲያመጡልዎት ነው፤ እሱም አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይት ነው። ይህ ካርድ 70 ዋት ብቻ ስለሚወስድ ያለ ተጨማሪ ገመድ፣ የአሁኑ ካርድዎ በተሰካበት ቦታ ላይ ተሰክቶ ይሠራል። ሆኖም በስሙ ምክንያት ብዙ ሰው ተሳስቷል። የአርቲኤክስ ካርዶች ሠሪ የሆነው ኤንቪዲያ 3050 የሚለውን ስም ለሁለት የተለያዩ ካርዶች ሰጥቶታል። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 8 ጊጋባይት ሲሆን 130 ዋት ስለሚወስድ የኃይል ገመድ ይፈልጋል፤ በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 6 ጊጋባይት ደግሞ በጉልበቱ ከፊተኛው ዝቅ ያለ፣ ነገር ግን ለእርስዎ የሚሆነው ካርድ ነው። ሻጩ «3050» ብቻ ብሎ ካስተዋወቀ የሜሞሪውን መጠን ይጠይቁልዎት፤ ከዚያም የካርዱን ፎቶግራፍ ከላይ በኩል አይተው የኃይል መሰኪያ እንደሌለው ያረጋግጡልዎት።

ከዚህ ካርድ ምን መጠበቅ እንዳለብዎት አስቀድሞ ማወቁ ደግ ነው። በ1920 በ1080 ሞኒተር ላይ ሳይበርፐንክን በመካከለኛ ቅንብር፣ ዲኤልኤስኤስ የተባለውን ዘዴ አብርተው በደንብ ይጫወቱበታል። ዲኤልኤስኤስ ጌሙን በአነስተኛ መጠን፣ ለምሳሌ በጥራት ደረጃው ላይ ሲሆን በ1280 በ720 ሠርቶ፣ ምስሉን ወደ ሞኒተርዎ ሙሉ መጠን የሚያሳድግ ሲሆን፣ የእርስዎ 1050 ቲአይ ይህን ማድረግ አይችልም። ሞኒተርዎ 60 ኸርዝ ስለሆነም በሰከንድ ከ60 በላይ ፍሬም የሚያወጣ ካርድ ቢገዙ ትርፉ ጎልቶ አይታይዎትም።

ካርዱ እስኪመጣ ድረስ ግን በዚህ ሳምንት ሊያደርጉት የሚችሉት፣ ከካርዱም የማይተናነስ ሥራ አለ። የሳይበርፐንክ አዘጋጆች በ2023 እ.ኤ.አ. ባሻሻሉት ዝቅተኛ መስፈርት መሠረት ጌሙ ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ወይም አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋባይት፣ 12 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ይፈልጋል። የእርስዎ ኮምፒውተር ታዲያ በካርዱ ብቻ ሳይሆን በራሙም ከመስፈርቱ በታች ነው። ጌሙ እየተቆራረጠ ማስቸገሩ አንድ ጥርጣሬ ያሳድርብናል፤ ካርዱ ብቻ ደካማ ቢሆን ኖሮ ጌሙ በአብዛኛው በእኩል ዝግታ ይሄድ ነበር፤ እየሄደ ቆም፣ እየሄደ ቆም የሚል ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ሜሞሪ ሞልቶ ኮምፒውተሩ ወደ ዲስክ እየተመላለሰ ነው። ጌሙን ከፍተው ታስክ ማናጀር በተባለው የዊንዶውስ መመልከቻ ውስጥ የራሙንና የካርዱን ሜሞሪ አጠቃቀም ይመልከቱ። ራሙ ጢም ብሎ ከሞላ አንድ ተመሳሳይ ባለ 8 ጊጋባይት ዲዲአር4 ይጨምሩ። ሁለት ራሞች በሁለቱ መስመሮች ላይ ሲሰኩ ፕሮሰሰሩ መረጃ የሚቀበልበት ፍጥነትም እጥፍ ስለሚሆን፣ ለዚህ የሚያወጡት ገንዘብ ከሁሉ የበለጠ ፍሬ የሚሰጥ ነው ብለን እናምናለን። ጌሙ የተጫነው በሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነም ወደ ኤስኤስዲ ያዛውሩት።

ስለ አርኤክስ 580 በአጭሩ እንናገር። የኃይሉ ጉዳይ ባይኖር እንኳ ለእርስዎ አንመክረውም ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ካርድ ሲሆን፣ ብሌንደር በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 ላይ ኦፕንሲኤልን (ፕሮግራሙ እንዲህ ያሉ ካርዶችን ለስሌት የሚጠቀምበትን ዘዴ) ካስወገደ ወዲህ ሳይክልስ በተባለው የመጨረሻውን ምስል በሚያወጣው ክፍሉ ላይ ይህን ካርድ መጠቀም አይቻልም፤ ሥራው ሁሉ በፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። በተጨማሪም በዚሁ ስም የሚሸጥ፣ ከ2304 ይልቅ 2048 የማስሊያ ክፍሎች ብቻ ያሉት ዝቅ ያለ ዓይነት አለ። ልዩነቱን ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ያሳይዎታል። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ መስከረም 15 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. በካርድ መቆፈርን (በግራፊክስ ካርድ ስሌት ገንዘቡን ማግኘትን) ካቆመ በኋላ ገበያው ለዚያ ሥራ ባገለገሉ ካርዶች ተጥለቅልቆ ነበር። በአገራችን በውኃ ኃይል ኤሌክትሪክ ቢትኮይን የሚቆፍሩት ድርጅቶች ግን ለዚያ ብቻ በተሠሩ ሌሎች ማሽኖች ስለሚጠቀሙ፣ «ከእነርሱ የወጣ ነው» ተብሎ የሚነገርዎትን አይቀበሉ።

አንድ ሁኔታ ምክራችንን ይለውጠዋል። ብሌንደርን ለሙያ ብለው ከያዙትና በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ኮምፒውተሩን ጨርሶ ለመቀየር ካሰቡ፣ 3060ው ከደህና ፓወር ሰፕላይ ጋር ቢገዛ ሁለቱም ወደሚቀጥለው ኮምፒውተር ይሸጋገራሉ። በዚህ ጊዜ ከ4060 ይልቅ 3060ን እንመርጥልዎታለን። 4060 በጌም የፈጠነ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰፊ የብሌንደር ሥራ 8 ጊጋባይትን በቶሎ ይሞላል። የካርዱ ሜሞሪ ሲሞላ ካርዱ ከኮምፒውተሩ ራም መበደር ይጀምራል፤ 4060 ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በ8 መስመሮች ብቻ ስለሆነና የእርስዎ ማዘርቦርድ የካርድ ማስገቢያም ከካርዱ የቆየው ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 ስለሆነ፣ ብድሩ የሚመላለስበት መንገድ በ16 መስመሮች ከሚገናኘው 3060 ይጠባል።

የመረጡት የትኛውንም ቢሆን፣ የአክስትዎ ልጅ ካርዱን ከበረራቸው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብለው ገዝተው እዚያው በሚያውቁት ሰው ኮምፒውተር ላይ ቢያስሞክሩት መልካም ነው። እክል ካለው በመመለሻው ጊዜ ውስጥ ይቀይሩታል፤ አዳማ ከደረሰ በኋላ መመለሱ በጣም አስቸጋሪ ይሆናል። ካርዱ ከእነ ፀረ-ስታቲክ ከረጢቱ በእጅ ሻንጣ ቢመጣም ይሻላል። እስከዚያው 1050 ቲአይዎን በችኮላ አይሽጡት። ኤንቪዲያ ለዚያ ትውልድ ካርዶች አዳዲስ የጌም ድራይቨሮችን (ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያሠሩ ፕሮግራሞችን) ማውጣት በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ቢያቆምም፣ የደኅንነት ማሻሻያዎችን እስከ ጥቅምት 2028 እ.ኤ.አ. እንደሚሰጥ አስታውቋል።

ጥያቄ

አዲስ ካርድ አስገባሁ፤ ኮምፒውተሩም ካርዱን ያውቀዋል፤ የጌሙ ፍጥነት ግን ምንም አልተለወጠም። ተታልዬ ይሆን?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ከመጠርጠርዎ በፊት የሞኒተሩን ገመድ ይመልከቱ። ገመዱ በኮምፒውተሩ ጀርባ ከላይ በኩል፣ ከዩኤስቢ መሰኪያዎቹ አጠገብ ከተሰካ፣ ምስሉን የሚያወጣው በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ነው። ነቅለው ዝቅ ብሎ በአግድም ከሚታየው የካርዱ መሰኪያ ላይ ይሰኩት። ለውጥ ካላዩ በጂፒዩ-ዚ ይክፈቱት፤ ፕሮግራሙ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስሙ የተጭበረበረ የኤንቪዲያ ካርድን ለይቶ ያሳያል።