አንገት ያዞረ ሁሉ ኮራጅ ነው?

ጥያቄ፦ ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ባለፈው የማጠቃለያ ፈተና ፈታኝ ሆኜ ሳለ አንድ ተማሪ ወደ ጎን ደጋግሞ ሲመለከት አየሁትና እስከ መጨረሻው ከአጠገቡ ሳልርቅ ቆምኩ። ወረቀቱን ስቀበለው እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የመጨረሻው ገጽም ባዶ ነበር። ነገሩ እስካሁን ይከነክነኛል። አጥፍቼ ይሆን? ወደፊትስ እንዴት ልቆጣጠር?
ከአንዲት መምህርት

መልስ፦ የተከበሩ መምህርት፣ ተማሪው ይኮርጅ እንደነበረ አሁን ማረጋገጥ አይቻልም፤ አጠገቡ መቆምዎ ግን አስጨንቆት ሊሆን ይችላል። ሰው የተማረውን ለማስታወስ ሲጥር ዓይኑ ከወረቀቱ ተነሥቶ ወደ ጣሪያ፣ ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ጎን መሄዱ የተለመደ ስለሆነ፣ አንገት ማዞር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከዓይኑ ይልቅ እጁን ይመልከቱ። የሚያስብ ተማሪ ቀና ሲል እስክሪብቶውም አብሮ ይቆማል፤ የሚኮርጅ ግን አየት አድርጎ ወዲያው ይጽፋል፣ ያንኑም ይደጋግማል። ይህም ቢሆን ለጥርጣሬ እንጂ ለፍርድ አይበቃም።

የሚቆሙበት ቦታ ከሚያስቡት በላይ ወሳኝ ነው። ከክፍሉ ኋላ ሲቆሙ ተፈታኙ ወዴት እንደሚያዩ ስለማያውቅ መኮረጅ አይደፍርም፤ በራሱ የሚሠራውም ተማሪ የሰው ትንፋሽ ጆሮው ሥር ሳይሰማው ሐሳቡን ይሰበስባል። በየመሃሉ ቀስ ብለው መዘዋወር ይችላሉ፤ አንድ ወንበር አጠገብ ተተክሎ መቆም ግን ለማንም አይበጅም። ወንበሮቹ ተጠጋግተው ከተደረደሩ ደግሞ ፈተናው ሳይጀመር ያራርቋቸው፤ በብሪታንያ የትምህርት ቤት ፈተናዎች ደንብ ከአንዱ ወንበር መሃል እስከ ሌላው መሃል ቢያንስ 1.25 ሜትር እንዲሆን፣ ለ30 ተፈታኞችም ከአንድ ያላነሰ ፈታኝ እንዲመደብ ያዝዛል።

ብጣሽ ወረቀት ወይም ስልክ በእጁ ካገኙበት፣ ክፍሉን ሳይረብሹ ይውሰዱበት፣ ሰዓቱን ይመዝግቡ፣ የፈተናው ደንብ ካልከለከለ በቀር ቀሪውን ጥያቄ እንዲሠራ ይተዉት። ጉዳዩን መርምሮ መወሰን የፈታኙ ሥራ አይደለም፤ የፈተና ወረቀቱን ነጥቀው ካስወጡት በኋላ ጥርጣሬዎ ስህተት ሆኖ ቢገኝ ያባከኑበትን ሰዓት ማንም አይመልስለትም።

ስለዚያ ተማሪ ደግሞ፣ ጊዜው ሳያልፍ ለሚመለከተው ኃላፊ በጽሑፍ ያሳውቁ። መጠርጠርዎን ብቻ ሳይሆን ምን ያህል ጊዜ አጠገቡ እንደቆሙም ሳይሸሽጉ ይግለጹ፤ ገጹ ለምን ባዶ እንደቀረ ልጁ ራሱ ደፍሮ ላይናገር ይችላልና።