የወር አበባና ትምህርት ቤት፦ ከድሬዳዋ ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

ሰላም ወገኖቼ። ድሬዳዋ ውስጥ ነርስ ነኝ፤ በትምህርት ቤቶች የሴቶች ክበባት እየዞርኩ ስለ ወር አበባ አስተምራለሁ። ጠይቁኝ ባልኩት መሠረት የመጡት እነዚህ ናቸው።

ጥያቄ፦ ሳቢያን ነው የምንኖረው። የሰባተኛ ክፍል ልጄ በየወሩ ሁለት ሦስት ቀን «ሆዴን አመመኝ» እያለች ትቀራለች። ሞዴስ ገዝቼላታለሁ፤ ምን ጎደላት?

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ጠይቂያት። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ውሃ አለ? የተጠቀመችበትን የምትጥልበት ባልዲስ? ሞዴስ በየአራት፣ ቢበዛ በየስድስት ሰዓቱ መቀየር አለበት። በድሬ ሙቀት ደግሞ ላብ ሲጨመርበት ቶሎ ያሳክካል። መቀየሪያ ቦታ ካጣች ጠዋት ያደረገችውን እስከ መውጫ ደወል ይዛ ትቀመጣለች፣ ወይ ቤት ትቀራለች። ሕመሙ ከአልጋ የማያስነሳት ከሆነ ግን ጤና ጣቢያ ውሰጃት።

ጥያቄ፦ ወንድ መምህር ነኝ። ክፍል ውስጥ ተማሪዬ የወር አበባ መጥቶባት ቢያጋጥመኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ መምህር፣ በግንቦት ሙቀት ሹራብ ወገቧ ላይ ያሰረች፣ መልሱን እያወቀች ሰሌዳ ውጪ ስትባል የማትነሳ ልጅ ካየህ አታስጨንቃት። ልውጣ ስትል ምክንያት አትጠይቃት። ወንዶቹ ከሳቁ ግን እዚያው አስቁማቸው።

ጥያቄ፦ የክበብ ተጠሪ ነኝ። የተለገሰ ሞዴስ አለን፤ የሚወስድ ግን የለም።

መልስ፦ የት ነው ያስቀመጣችሁት? አንድ ትምህርት ቤት ካርቶኑ ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ተቆልፎበት አይቻለሁ። ዩኒት ሊደሩ ወንድ ነው፤ የምትወስድ ልጅ ስሟን አስመዝግባ ትፈርማለች። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ይህን ከምታደርግ የደብተር ወረቀት አጣጥፋ ብታደርግ ትመርጣለች፤ አድርገውም አይቻለሁ። ሴት መምህርት ጋ ወይም ክበቡ ክፍል አስቀምጡት፤ ሳሙና፣ የውስጥ ሱሪና ትርፍ ጉርድ ጨምሩበት። መቁጠር ካስፈለገ ካርቶኑን ቁጠሩ፣ ልጆቹን አትመዝግቡ። «ይሰርቃሉ» የሚሉ አሉ፤ አንዷ ሁለት ወስዳ አንዱን ለእህቷ ብትሰጥ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

ጥያቄ፦ እየታጠበ የሚያገለግለው ሞዴስ እንዴት ነው?

መልስ፦ መግዣ ለከበዳት ጥሩ ነው። ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ ፋብሪካ ከፍተው ሲያመርቱት ቆይተዋል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና የተባሉትም በዚሁ ሥራ ነው። በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ልጆቻችን ግን ሰው እንዳያይባቸው አልጋ ሥር ያደርቁታል፤ እርጥቡን መልሰው ሲያደርጉት ያቆስላቸዋል። እናቶች፣ ከሌላው ልብስ ጋር ገመድ ላይ አስጡላቸው።

ጥያቄ፦ መንግሥት በነፃ ማደል አይችልም?

መልስ፦ ጎረቤታችን ኬንያ በ2017 እ.ኤ.አ. ለተማሪዎች በነፃ እንዲታደል በሕግ ደንግጋለች። እኛ ጋ እስኪደረስ ግን አትጠብቁ፤ በሚቀጥለው የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ስብሰባ ሞዴስና ሳሙና ከጠመኔው እኩል በጀት እንዲያዝላቸው፣ የሽንት ቤቱም በር መቀርቀሪያ እንዲገባለት ጠይቁ።